“የት?” የሚለው ጥያቄ፦ ስለ ጥልቅ አንጎል ስትሮክ የተደረጉ ጥናቶች ከቢቸናና ከሞጣ ሲታዩ

መግቢያ

በአገራችን ስለ ስትሮክ የሚቀርቡ ጥናቶች ቁጥር ባለፉት ሃያ ዓመታት እየጨመረ መጥቷል። እነ ዶ/ር ጉታ ዘነበ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ ሕሙማንን ሁኔታና የሕክምና ውጤት በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2005 ካሳተሙ ወዲህ ከሐዋሳ፣ ከጅማ፣ ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ ተመሳሳይ ሥራዎች ወጥተዋል። እነዚህን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ባለሙያ ግን የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት መሆናቸውን ይገነዘባል። ስንት ሰው ታመመ? ደም ፈሰሰ ወይስ የደም ሥር ተዘጋ? ከሆስፒታል ሳይወጣ ስንቱ ሞተ? አራተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ጉዳቱ የደረሰው በአንጎል ውስጥ የት ነው? የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ወይ አይነሣም፣ ወይም በአንድ የሰንጠረዥ ረድፍ ተጠቅሶ ያለ ትንተና ይታለፋል።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለመመርመር ይሞክራል። አንደኛው፣ ይህ አራተኛ ጥያቄ መቅረቱ የአገር ውስጥ ጥናቶቻችንን ምን ያህል እንዳጎደላቸው ነው። ሁለተኛው፣ በጥልቁ የአንጎል ክፍል ስለሚደርስ ስትሮክ በውጭ አገር የተደረጉ ታላላቅ ጥናቶች ወደ እኛ ሲመጡ የትኛው ግኝት እንደሚጸናና የትኛው እንደማይጸና ነው። መለኪያ አድርገን የምንወስደው በምሥራቅ ጎጃም ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ተረኛ የሆነውን ጤና መኮንን፣ ነርስ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ነው። ሁለቱ ከተሞች ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አንድ መንገድ ላይ ይገኛሉ። በዚያ መንገድ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሰው ተጭኖ ሲመጣ የጥናቶቹ ዋጋ የሚመዘነው ለዚያ ተረኛ ባለሙያ በሚሰጡት ጥቅም ነው።

ጥልቁ አንጎል ለምን ተለይቶ ይታያል?

የአንጎል የላይኛው ቅርፊት ደም የሚያገኘው በገጹ ላይ ተዘርግተው፣ ደረጃ በደረጃ እየቀጠኑና እርስ በርሳቸውም እየተገናኙ ከሚሄዱ የደም ሥሮች ነው። ባሳል ጋንግሊያ፣ ታላመስ፣ በመካከላቸው የሚያልፈው ኢንተርናል ካፕስልና ከበታች ያለው ፖንስ ግን ከትልልቆቹ ግንዶች በቀጥታ ተገንጥለው ወደ ውስጥ የሚዘልቁ፣ ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሥሮች ጥገኞች ናቸው። ከዋናው ወንዝ በቀጥታ የተጠለፈ ቀጭን ቦይ የወንዙን ኃይል ሁሉ እንደሚሸከም፣ እነዚህም ሥሮች የዋናውን የደም ሥር ግፊት ሳይቀነስላቸው ይቀበላሉ። ጎረቤት ቦይም ስለሌላቸው አንዱ ሲደፈን ሌላው አይደርስለትም።

ለብዙ ዓመታት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት የእነዚህን ሥሮች ግድግዳ ያወፍራል፤ ያበሰብሳልም። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ሥሩ ቢደፈን ከ15 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትንሽ ጉዳት ይፈጠራል፤ ይህም ሲያድር ፈሳሽ የሞላበት ጉድጓድ ይሆናልና “ላኩና” ይባላል። ሥሩ ቢፈነዳ ደግሞ ያው ቦታ በደም ይሞላል። እንግዲህ አንዱ በሽታ ሁለት መውጫ በር አለው ማለት ነው። ሕሙማንን “ደም የፈሰሳቸው” እና “ደም የተቋረጠባቸው” ብሎ መክፈል አስፒሪን ለመስጠትና ለመከልከል የግድ አስፈላጊ ነው። በሽታው ከየት እንደመጣ ለማወቅና ቀጣዩን ለመከላከል ግን “ጥልቅ” እና “ላይኛ” ብሎ መክፈሉ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይናገራል።

በኢንተርናል ካፕስል ውስጥ የፊት፣ የእጅና የእግር እንቅስቃሴ መሥመሮች ተጠጋግተው ስለሚያልፉ የአተር ፍሬ የምታህል ጉዳት ግማሹን አካል ሙሉ በሙሉ ታስተኛለች። የሕመምተኛው አእምሮ ግን ንጹሕ ነው፤ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ራሱንም አያመውም። ይህ የሕመሙ ገጽታ ኋላ ለምንሰነዝረው ትችት መሠረት ስለሆነ አንባቢው ልብ ሊለው ይገባል።

የፊሸር ሥራ ጥንካሬና ወሰን

“ላኩና” የሚለውን ቃል በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ያስገቡት ፈረንሳውያን ናቸው። ደሻምብር እ.ኤ.አ. በ1838፣ ዱራን ፋርዴል በ1843፣ ፒየር ማሪ ደግሞ በ1901 ጽፈውበታል። ማሪ በፓሪስ የአረጋውያንን አንጎል እየከፈተ ይህን በጻፈ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእኛ አገር ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በተደጋጋሚ ሕመም ተይዘው፣ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ በደረሰባቸው ከባድ ምት አካላቸውም አንደበታቸውም ታስሮ፣ እስከ ዕረፍታቸው እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ። የጉዳቱን ቦታ በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ ማየት በዚያ ዘመን ለማንም አይቻልም ነበር። ዛሬ ግን ይቻላል። ይሁንና ከቢቸና ተልኮ የተመለሰ የአንድ ገበሬ ካርድ ላይ “ስትሮክ” ከሚል አንድ ቃል በቀር ካልተገኘ፣ ስለ እርሱ ሕመም ቦታ የምናውቀው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ከምናውቀው አይበልጥም።

ጉዳዩን በአዲስ መልክ ያነሣው በቦስተን የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ካናዳዊው ሚለር ፊሸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ሥራ 1,042 አስከሬኖች ተመርምረው በ114ቱ አንጎል ውስጥ 376 ላኩናዎች መገኘታቸውን፣ ከ114ቱም 111ዱ የደም ግፊት እንደነበራቸው ገለጸ። ቀጥሎም የሕመም ምልክቶቹን ከቦታው ጋር አዛመደ። ስሜትና ንግግር ሳይነካ ግማሽ አካል ብቻ ከሰነፈ፣ እንቅስቃሴ ሳይነካ ግማሽ አካል ብቻ ከደነዘዘ፣ ምላስ ተሳስሮ አንድ እጅ ብቻ ቅልጥፍናውን ካጣ፣ ጉዳቱ በጥልቁ ክፍል ስለመሆኑ አመላካች ነው አለ። የዚህ ሥራ ታላቅነት መሣሪያ ለሌለው ባለሙያ የተመቸ መሆኑ ነው። በመዶሻና በመርፌ፣ ከሁሉም በላይ በትዕግሥት በመመርመር የጉዳቱን ቦታ መገመት ይቻላልና።

ይሁን እንጂ የፊሸር መደምደሚያ ወሰን አለው። የደም ሥሮቹን በተከታታይ ስስ ቁራጭ የመረመረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ4 ሰዎች አንጎል ውስጥ በተገኙ 50 ላኩናዎች ላይ ብቻ ነው። የታዩትም ሰዎች ከአንድ የአሜሪካ ከተማ ሆስፒታል የመጡ ነበሩ። “ጥልቅ ጉዳት ማለት የደም ግፊት ውጤት ነው” የሚለው ሐረግ ከዚያ ተነሥቶ በየመማሪያ መጻሕፍቱ እንደ ሕግ ተወስዷል። በእኛ አገር ግን ይህ ሕግ ከአራት አቅጣጫ ይፈተናል።

አንደኛ፣ በቁርጥማት ሳቢያ ልባቸው የተጎዳና የልብ ምታቸው የተዛባ ወጣቶች አሉን። ከልብ የተነሣ የደም ጓል የጥልቁን ሥሮች በር በአንድ ጊዜ ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛ፣ የማጅራት ሳንባ ነቀርሳ በአንጎል ግርጌ የሚያልፉትን እነዚሁን ሥሮች በእብጠት አፍኖ በኮዴት ራስ፣ በታላመስ የፊት ክፍልና በኢንተርናል ካፕስል የፊት ክንፍ ላይ ጉዳት ያደርሳል። ሦስተኛ፣ ቂጥኝና ኤች.አይ.ቪ. የደም ሥርን ግድግዳ ያቃጥላሉ። አራተኛ፣ በወሊድ ሰሞን በሚደርስ የአንጎል ደም መላሽ ሥሮች መዘጋት ሁለቱም ታላመሶች ሊያብጡ ይችላሉ። ስለዚህ የ60 ዓመት አዛውንት በጥልቁ ክፍል ጉዳት ሲደርስባቸው የፊሸር ሐሳብ ይመራናል። የ28 ዓመት ወጣት ሴት ስትሆን ግን ያው ሐሳብ ሊያሳስተን ይችላል። የልቧን ድምፅ ያላዳመጠ፣ ስለ ትኩሳትና ስለ ክብደት መቀነስ ያልጠየቀ፣ መቼ እንደወለደች ያልጠየቀ ባለሙያ “ግፊት ነው” ብሎ ቢያሰናብታት ሊድን የሚችል በሽታ ከእጁ ያመልጠዋል።

የአገር ውስጥ ጥናቶች ምን ያዙ? ምን ጣሉ?

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና የሚገባው ሥራ አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ስለ ነርቭ በሽታዎች መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲታተም የግማሽ አካል ስንፈት ከ100,000 ሰው በ15ቱ ብቻ ተገኝቷል ተባለ። ቁጥሩ ማነሱ “ስትሮክ የገጠር በሽታ አይደለም” ለሚል አስተሳሰብ በር ሊከፍት ይችላል። ነገር ግን ጥናቱ የቆጠረው በዚያን ዕለት በሕይወት ያለና ጉዳቱ የሚታይበትን ሰው ነው። ደም ፈስሶት በሦስተኛው ቀን የሞተው አይቆጠርም፤ ትንሽ ላኩና ገጥሞት በወር ውስጥ ሞፈር ለመያዝ የበቃውም እንዲሁ። በጥልቁ አንጎል የሚደርሱት ሁለቱ የበሽታ ዓይነቶች፣ አንዱ በመግደሉ፣ ሌላው በመሻሉ፣ ከቆጠራው ውጭ ይቀራሉ ማለት ነው። ይህ የጥናቱ ባለቤቶች ጥፋት አይደለም፤ የአሠራሩ ባሕርይ ነው። ጉድለቱ የእኛ የአንባቢዎቹ ነው።

የሆስፒታል ጥናቶች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ጥናት በስትሮክ ክፍል የተኙ 116 ሕሙማንን ተከታትሎ 51.7 በመቶው የደም ሥር መዘጋት፣ 48.3 በመቶው ደም መፍሰስ እንደሆነ ዘግቧል። በበለጸጉት አገሮች የደም መፍሰስ ድርሻ ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሁለት መልሶች አሉ። አንዱ፣ ያልታከመ የደም ግፊት ስለበዛ በእውነትም ደም መፍሰስ በዝቷል የሚል ነው። ሌላው፣ ወደ ሆስፒታል የሚደርሰው የከፋ ሕመም ያለበት ብቻ ስለሆነ ነው የሚል ነው።

ሁለተኛውን መልስ ለመረዳት በሞጣ አካባቢ አንድ የ50 ዓመት ገበሬ እናስብ። ጠዋት ሲነሣ ቀኝ እጁና እግሩ ከብደውታል። አይጮኽም፣ አያስመልሰውም፣ ራሱን አልሳተም። ቤተሰቡ “ጥላ ወጋው” ይላል፤ ጠበል ይወሰዳል፤ በሦስተኛው ሳምንት በምርኩዝ ይራመዳል። ይህ ሰው ንጹሕ የላኩና ምልክት ያለበት ሕመምተኛ ነው፤ በየትኛውም ሆስፒታል መዝገብ ላይ ግን የለም። ቢመጣም እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚነሣው ሲቲ ስካን ትንሹን ጥልቅ ጉዳት በአብዛኛው አያሳይምና “ምንም የለም” የሚል ውጤት ይዞ ይመለሳል። አንድ ጥናት በሲቲ ስካን የተረጋገጠ ስትሮክ ያለባቸውን ብቻ የሚያካትት ከሆነ ይህ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ከበሩ ይመለሳል ማለት ነው።

ሁለቱን መልሶች መለየት የሚቻለው ቦታን በመመዝገብ ነው። የደም መፍሰስ መብዛት ካልታከመ ግፊት የመጣ ከሆነ፣ የፈሰሰው ደም በብዛት በባሳል ጋንግሊያ፣ በታላመስና በፖንስ ውስጥ መገኘት አለበት፤ በማኅበረሰቡ ውስጥም ላኩናዎች በዚያው ልክ ይበዛሉ። ነገሩ የከፋው ሰው ብቻ ወደ ሆስፒታል ስለሚመጣ ከሆነ ግን፣ ከደም መፍሰሱ ጎን ግማሽ አንጎልን የሸፈኑ ታላላቅ የደም መቋረጦችም በብዛት መታየት አለባቸው፤ ላኩናዎች ብቻ ይጎድላሉ። እንግዲህ አንድ ተጨማሪ ዓምድ በመጠይቁ ላይ ቢጨመር ኖሮ ለሃያ ዓመታት የተደጋገመው “ደም መፍሰስ በአገራችን በዝቷል” የሚል ዓረፍተ ነገር ምክንያቱን ይዞ ሊመጣ ይችል ነበር።

በባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ2018፣ በደብረ ማርቆስ በ2020 የታተሙት ጥናቶች ለቢቸናና ለሞጣ ከሁሉ የቀረቡ ናቸው። ሁለቱም ወደ ኋላ ተመልሶ ካርድ በማገላበጥ የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥናት ርካሽና ፈጣን ነው፤ ጥቅሙም ግልጽ ነው። ነገር ግን ካርዱ ላይ ያልተጻፈውን ማንም ተመራማሪ ሊያነበው አይችልም። የምርምሩ ጥራት የሚወሰነው ተመራማሪው ብዕሩን ሲያነሣ አይደለም፤ ተረኛው ባለሙያ ሌሊት በስምንት ሰዓት ካርዱን ሲሞላ ነው። ይህን ስንል ሸክሙን ከተመራማሪው ወደ ተረኛው ለማዞር አይደለም። ተመራማሪው “ምን ይጻፍ?” የሚለውን አስቀድሞ ከባለሙያዎቹ ጋር ሊመክርበት ይገባ ነበር ለማለት ነው።

ሲቲ ስካን በሌለበት

በቢቸና ወይም በሞጣ ለሚሠራ ባለሙያ ዋናው ፈተና ሲቲ ስካን ሳያይ መወሰን ነው። ለዚህ መፍትሔ ይሆናሉ ተብለው ከቀረቡት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 በታይላንድ የተቀመረው የሲሪራጅ ነጥብ ነው። ነጥቡ የሚሰላው በንቃተ ሕሊና፣ በማስመለስ፣ በራስ ምታት፣ በታችኛው የደም ግፊት ልክና እንደ ስኳር በሽታ ባሉ የደም ሥር መደደር ምልክቶች ነው። ለከባድ ደም መፍሰስ ይሠራል። ይሁንና በፑታሜን ወይም በታላመስ ውስጥ የፈሰሰ ጥቂት ደም ንቃትን አይነካም፣ አያስመልስም። ነጥቡ ይህን ሰው “የደም ሥር መዘጋት” ብሎ ይመድበዋል። ማለትም ነጥቡ የሚወድቀው በጥልቁ አንጎል ላይ ነው፤ በእኛ አገር በብዛት ይገኛል ብለን በምንጠረጥረው ቦታ።

አስፒሪንስ? እ.ኤ.አ. በ1997 የወጡት ሁለቱ ታላላቅ ሙከራዎች በአንድነት 40,000 ያህል ሕሙማንን አካትተው፣ በቶሎ የተጀመረ አስፒሪን ከ1,000 ሰው 9 ያህሉን ከተደጋጋሚ ስትሮክ ወይም ከሞት እንደሚያድን አሳይተዋል። ከእነዚህ መካከል ደም ፈስሷቸው ሳይታወቅ አስፒሪን የወሰዱም ነበሩ፤ የጎላ ተጨማሪ ጉዳት አልታየባቸውም። አንዳንድ ጸሐፍት ይህን ይዘው “ሲቲ ስካን ባይኖርም ይሰጥ” ይላሉ። ክርክሩ ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። በእነዚያ ሙከራዎች ደም የፈሰሳቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ሐኪሙ ደም መፍሰስን አጥብቆ የጠረጠረባቸውም አልገቡም። ከሁለት ሕሙማን አንዱ ደም የፈሰሰው ሊሆን በሚችልበት ሆስፒታል ሒሳቡ ሌላ ነው። ጥቅሙ ከ1,000 ሰው 9 ብቻ ከሆነ፣ ሕመምተኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሲቲ ስካን ሊያገኝ ከቻለ አስፒሪኑ ቢጠብቅ የሚሻል ይመስላል።

የደም ግፊትን በተመለከተ ከሁሉ የሚጠቅመን እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ኢንተርአክት-4 የተባለ የቻይና ሙከራ ነው። 2,404 ሰዎች ስትሮክ ተጠርጥሮባቸው ገና በአምቡላንስ ውስጥ ሳሉ፣ ዓይነቱ ሳይታወቅ፣ ግማሾቹ ግፊታቸው ወዲያው እንዲወርድ ተደረገ። በአጠቃላይ ሲታይ ልዩነት አልተገኘም። ውስጡ ሲታይ ግን ደም የፈሰሳቸው ተጠቅመዋል፤ ደም የተቋረጠባቸው ተጎድተዋል። ሁለቱ ተጣፍተው ዜሮ ሆኑ። ስትሮክ መሆኑ ከተረጋገጠላቸው መካከል ደም የፈሰሳቸው ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ነበሩና፣ ይህ ከጅማው ድርሻ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሲቲ ስካን ሳይታይ ኒፊዲፒን ከምላስ ሥር አስቀምጦ ግፊትን በድንገት ማውረድ፣ የሕመምተኛውን አንጎል እንደ ሳንቲም ወደ ላይ መወርወር ነው።

ደም መፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ኢንተርአክት-3 በአሥር አገሮች፣ ከእነርሱም ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው፣ ከ7,000 በላይ ሕሙማን ላይ የተደረገ ነው። የላይኛውን ግፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ140 በታች ማውረድ፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ ትኩሳትን ማብረድና የደም ማቅጠኛ ለወሰደ ማርከሻ መስጠት፣ አራቱ በአንድነት ሲፈጸሙ ሕሙማን በተሻለ ሁኔታ አገገሙ። ከአፍሪካ ናይጄሪያ ተሳትፋለች። በዚህ ሙከራ ውስጥ ለእኛ እንግዳ የሆነ መድኃኒት ወይም ዘዴ የለም፤ ቴርሞሜትር፣ የስኳር መለኪያ፣ የግፊት መለኪያና ሰዓት የሚያይ ነርስ ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ በሪፈራል ሆስፒታል የተገኘው የሲቲ ስካን ውጤት ሰዓታት ሳያልፉት ወደ ሕክምና መለወጥ አለበት።

ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይመታ

በላኩና ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ትልቁ ኤስ.ፒ.ኤስ.-3 ነው። በሰሜንና በላቲን አሜሪካ እንዲሁም በስፔን 3,020 ሕሙማን ተካፍለውበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት ክሎፒዶግሬልን በአስፒሪን ላይ ለረጅም ጊዜ መደረብ ስትሮክን በጉልህ እንደማይቀንስ፣ ደም መፍሰስንና ሞትን ግን እንደሚጨምር አሳየ። በ2013 የወጣው ደግሞ የላይኛውን ግፊት ከ130 በታች ለማድረስ የታለመላቸው ሕሙማን በአንጎል ውስጥ ደም የመፍሰስ አደጋቸው በ63 በመቶ እንደቀነሰ ገለጸ። የስትሮክ ጠቅላላ ቁጥርም ቀንሷል፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ መለኪያ አልጸናም።

ይህን ሙከራ በሁለት ዓይን ማየት ይገባል። ለመካፈል በኤም.አር.አይ. የተረጋገጠ ላኩና ያስፈልግ ነበርና የተጠኑት ሰዎች ከሞጣው ገበሬ ብዙ ይርቃሉ። የግኝቱ አቅጣጫ ግን ወደ እኛ ይቀርባል። የደም ሥር መዘጋት የደረሰበት ሰው ግፊቱ ሲወርድ ከሁሉ በላይ የተጠበቀው ከደም መፍሰስ ነው። ይህ አስቀድመን “አንዱ በሽታ ሁለት መውጫ በር አለው” ያልነውን ያጠናክራል። ስለዚህ ግፊትን ዕድሜ ልክ መቆጣጠር ለሁለቱም የስትሮክ ዓይነቶች መከላከያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ካለፉ በኋላ ሲቲ ስካን ባይኖርም ይህን ሕክምና የሚከለክል ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ክፍተት ያለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የስቴፕስ ዳሰሳ ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳላቸው፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ግፊታቸውን ተለክተው እንደማያውቁ፣ አማካዩ የጨው ፍጆታም በቀን 8.3 ግራም እንደደረሰ አሳይቷል። በ32 አገሮች የተደረገው ኢንተርስትሮክ ሱዳንና ኡጋንዳን ሲያካትት እኛን አላካተተም። በናይጄሪያና በጋና የተደረገው ሳይረን የተባለው ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ከስትሮክ አደጋ 90 በመቶ ያህሉን ከደም ግፊት ጋር አያይዞታል። በስትሮክ ግማሽ አካሉ ሰንፎ ከሆስፒታል የወጣ ሰው አንድ ወር በሚበቃ እንክብል ተሸኝቶ ሁለተኛው ወር ላይ ማንም ካልጠየቀው፣ እነዚህ ሁሉ ጥናቶች ለእርሱ አልተደረጉም ማለት ይቻላል።

ምን ይደረግ?

ትችት ብቻውን ካርድ አይሞላምና፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አራት ነገሮችን ያቀርባል።

አንደኛ፣ በቢቸናና በሞጣ ለሚመጣ ማንኛውም የስትሮክ ተጠርጣሪ አምስት ነጥቦች በካርዱ ላይ ይጻፉ፦ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ የገባበት የደም ግፊት፣ የንቃት ደረጃ፣ ፊት፣ እጅና እግር እኩል መስነፋቸው፣ እንዲሁም ንግግር ወይም የማየት አድማስ መነካቱ። እኩል ከሰነፉና ንግግርና የማየት አድማስ ካልተነኩ ጉዳቱ ጥልቅ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዙ የኦክስፎርድሺር ጥናት እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው አመዳደብ በእንዲህ ያለ የአልጋ ላይ ምርመራ ብቻ የተመሠረተ ነው፤ ከ543 የደም መቋረጥ ሕሙማን አንድ አራተኛው የላኩና ዓይነት እንደነበራቸውም በዚሁ ተለይቷል። ምርመራው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

ሁለተኛ፣ የሪፈራል ወረቀት መልስ ይኑረው። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ በሬ ተሸጦለት ነው የሚሄደው። በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ራሱ አስተማማኝ አልሆነም። በዚህ ዋጋ የተገኘ ሲቲ ስካን “ደም ፈስሷል” ከሚል አንድ መሥመር በላይ መመለስ አለበት። ቦታው፣ መጠኑና የታዘዘው መድኃኒት ተጽፎ ለላከው ባለሙያ ቢደርስ፣ ያ ባለሙያ ግምቱን ከእውነቱ ጋር እያስተያየ በየጊዜው ይማራል። ከዚህ የተሻለና የረከሰ ሥልጠና የለም።

ሦስተኛ፣ ተመራማሪዎቻችን ከሆስፒታሉ አጥር ይውጡ። ቡታጅራ ላይ የተጀመረው የቤት ለቤት ፍለጋ በምሥራቅ ጎጃም ቢደገም፣ የሞተውንም የዳነውንም ማግኘት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማን በድንገት እንደሰነፈ፣ ማን ወደ ጠበል እንደሄደ፣ ማን እንደተቀበረ ያውቃሉ። ጠበል ቦታውም ቢሆን ባላጋራ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ካህናቱ ቢፈቅዱ የግፊት መለኪያ ይዞ የሚቀመጥ አንድ ነርስ በሆስፒታል መዝገብ የሌሉትን ላኩናዎች ሊያገኝ ይችላል።

አራተኛ፣ ከሆስፒታል መውጣት የጥናት መጨረሻ አይሁን። በሦስተኛው ወር ሕመምተኛው በራሱ ይራመዳል? ይጎርሳል? ግፊቱ ስንት ነው? መድኃኒቱን ይወስዳል? ከሞት ቁጥር ይልቅ እነዚህ አራት መልሶች የሥራችንን ውጤት ያሳያሉ።

ማጠቃለያ

ስለ ጥልቅ አንጎል ስትሮክ የተደረጉት የውጭ ጥናቶች ጠንካሮች ናቸው፤ ነገር ግን ከእኛ ዕድሜ፣ ከእኛ የልብ በሽታ፣ ከእኛ ሳንባ ነቀርሳና ከእኛ የመሣሪያ እጥረት ጋር ሳይገናዘቡ ሊወሰዱ አይገባም። የአገር ውስጥ ጥናቶቻችን መንገድ ከፍተዋል፤ ይሁንና ቦታን ሳይጠይቁ ዓይነትን ብቻ በመቁጠራቸው ዋናውን ጥያቄ ሳይመልሱት ቆይተዋል። በዚህ መካከል የቀላል ስንፈት ባለቤቱ ሰው ሳይቆጠር ወደ እርሻው ይመለሳል። ያው የተጎዳ የደም ሥር፣ ያው ያልተለካ ግፊት አብረውት አሉ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ደም ፈስሶት፣ ራሱን ስቶ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ በጥናታችን ውስጥ “ደም መፍሰስ” በሚለው ረድፍ ይመዘገባል። በመጀመሪያው ቀን ግፊቱን ለክቶ መድኃኒት ያስጀመረውና በቀጠሮው ቀን ሲቀር ያፈላለገው ባለሙያ ግን ያ ረድፍ ባዶ እንዲሆን ያደርጋል።